ለድምፅ፣ ለክራርና ለበገና አንድ ኮንደንሰር ማይክ ብቻ፦ የቱን ላስመጣ?

ክራሯ_ልጅ | ሐምሌ 6፣ ማታ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ቸግሮኝ መጣሁ።

የአክስቴ ልጅ በሐምሌ መጨረሻ ከአሜሪካ ይመጣል። «አንድ ማይክ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ብቻ ሁሉም ነገር ተደምሮ ከ250 ዶላር አይለፍ» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ዕድል በየዓመቱ አይገኝም። ተሳስቼ እንዳላስመጣ ፈራሁ።

የምቀዳው የራሴን ድምፅ፣ ክራሬንና የአጎቴን በገና ነው። ዋናው በገናው ነው። አጎቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጣታቸው ሳይደክም የሚያውቁትን ሁሉ ቀድቼ ማስቀረት እፈልጋለሁ። እሳቸው ደግሞ ሲደረድሩ ቀስ ብለው ነው፤ ድምፃቸውም ከማንጎራጎር አይበልጥም።

ቤቴ ግቢ ውስጥ የተከራየኋት አንድ ክፍል ናት፤ ሦስት ሜትር በአራት። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ዝናብ ከመጣ ቀረጻ የለም። ማይክን ከላፕቶፕ የሚያገናኝ ባለ ሁለት ቻናል ሳውንድ ካርድ አለኝ፣ ለኮንደንሰር ማይክ ኃይል የሚሰጠው 48 ቮልቱም ይሠራል። አሁን የምጠቀመው ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ቢኤም-800 የሚባል ርካሽ ኮንደንሰር ነው። ክራር ሲሆን ብዙም አይታወቅም። በገናው ሊያልቅ ሲል ግን ከጀርባ ሽሽሽ ይላል፤ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የሚጠበስ ነው የሚመስለው።

ዓይኔን የጣልኩባቸው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020፣ ታላቅ ወንድሙ ኤቲ2035 እና ሮድ ኤንቲ1 ናቸው። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሹር ኤስኤም7ቢ ፊቱ ላይ ደቅኖ ነው የሚያወራው። እሱ ከበጀቴ በላይ ነው፤ ያገለገለ ቢገኝስ? ምከሩኝ።

ቢት_በሌሊት | ሐምሌ 6፣ ማታ 3:52

ኤንቲ1። አለቀ። ሴልፍ ኖይዙ፣ ማለትም ማይኩ ራሱ የሚያሰማው ሽሽታ፣ 4 ዴሲቤል ብቻ ነው። የኤቲ2020 20 ነው። አምስተኛው ትውልድ የሚባለው አዲሱ ኤንቲ1 የሳውንድ ካርድ መሰኪያው ኤክስኤልአርም ዩኤስቢም አለው፤ ሳውንድ ካርድሽ አንድ ቀን ቢሞትብሽ ቀጥታ ላፕቶፕሽ ላይ ትሰኪዋለሽ። ምን ያስጨንቅሻል?

ፖድካስት_ሲኤምሲ | ሐምሌ 6፣ ማታ 4:30

እኔ በተቃራኒው ነኝ። በቆርቆሮ ቤት ኮንደንሰር ማለት ራስን መቅጣት ነው። እኔ በኮንደንሰር ስቀዳ የጎረቤት ውሻ፣ «ቆራሌው!» የሚለው ልጅ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ሁሉም እንግዳ ሆኖ ይገባ ነበር። ዳይናሚክ የሚባለውን ሌላውን የማይክ ዓይነት ገዛሁ፣ ተገላገልኩ። ኤስኤም7ቢም ዳይናሚክ ነው፤ ያገለገለ ፈልጊ፣ እህቴ።

ሪል_ቴፕ | ሐምሌ 7፣ ጠዋት 1:15

እንደምን አደራችሁ። ልጄ፣ እኔ ከካሴት ዘመን ጀምሮ ቀረጻ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ወሬዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ያ ሽሽታ የማን ነው? የማይኩ ነው የቤቱ? መጀመሪያ እሱን ለዪ። ይህን ሳያውቁ ማይክ መግዛት ጥርሱን ያመመው ሰው የጆሮ ጠብታ እንደሚገዛው ነው።

ዛሬ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ማይኩን በጋቢ ጠቅልለሽ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ልብስ መሃል አስገቢው። ጌይኑን፣ ማለትም የሳውንድ ካርዱን ማጉያ ቁልፍ፣ በገናውን ስትቀጂ ባለበት ተዪው፤ እንዳትነኪው። አንድ ደቂቃ ቅጂ። ከዚያ አውጥተሽ በተለመደው ቦታ አቁሚውና ሳትተነፍሺ በሚባል ደረጃ ዝም ብለሽ ሌላ አንድ ደቂቃ ቅጂ። ሁለቱን በጆሮ ማዳመጫ አስተያይተሽ ስሚ። ቁምሳጥን ውስጥም ያልጠፋው የማይኩና የሳውንድ ካርዱ ነው። የጠፋው ወይም የቀነሰው የቤትሽ ነው።

የፖድካስቱ ልጅ፣ የደረሰብህን አልክድም። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ዳይናሚኩን ስትገዛ ከንፈርህን ማይኩ ላይ ለጠፍክ። በኮንደንሰሩ ግን ከአንድ ክንድ ርቀት ነበር የምታወራው። ውሻውን ያጠፋልህ ርቀቱ ነው። ሁለቱንም እኩል ቦታ አቁማቸው፤ ሁለቱም ከፊት የሚሰሙ ካርዲዮይድ ከሆኑና ድምፅህ እኩል እስኪሰማ ጌይናቸውን ካስተካከልክ፣ ውሻውም ያው እኩል ይጮሃል።

በገና ላይ ደግሞ ከንፈር መለጠፍ የለም። ኤስኤም7ቢ አንድ ፓስካል ድምፅ ሲደርሰው የሚያወጣው 1.12 ሚሊቮልት ነው፤ ኤቲ2020 14.1 ያወጣል። ልዩነቱ 22 ዴሲቤል ነው። ያንን 22 የምታመጪው የሳውንድ ካርዱን ጌይን ጠምዝዘሽ ነው። ርካሽ ሳውንድ ካርድ ጌይኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ራሱ ሽሽ ማለት ይጀምራል። ከሽሽታ ሸሽተሽ ሽሽታ ገዛሽ ማለት ነው።

ፖድካስት_ሲኤምሲ | ሐምሌ 7፣ ጠዋት 3:05

ጋሼ፣ «ከአንድ ክንድ ርቀት» ያሉት እውነት ነው። ወንበር ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብዬ ነበር የማወራው። ካሜራ አለበት ወይ?

ክራሯ_ልጅ | ሐምሌ 8፣ ጠዋት 2:20

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ማይክ በጋቢ ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ ሳስተኛ ሰው ቢያየኝ ጤነኛ አይለኝም ነበር።

ሽሽታው ቁምሳጥን ውስጥም አለ። ስለዚህ የማይኩ ነው። ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ውጭ በቀዳሁት ላይ እምምምም የሚል ነገር አለ፤ ቁምሳጥን ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ምን እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ስፈልግ ቆየሁ። ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ቻርጀር ነቅዬ፣ መብራት አጥፍቼ። ለካ ፍሪጄ ነው! ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ቢት_በሌሊት | ሐምሌ 8፣ ጠዋት 3:00

ስለዚህ ሽሽታው የማይኩ ከሆነ መልሱ ያው ኤንቲ1 ነው። ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ቁጥር ቁጥር ነው። 4 ከ20 ይሻላል።

ሪል_ቴፕ | ሐምሌ 8፣ ቀን 7:10

ይሻላል። ግን የት ቤት ውስጥ?

ጸጥ ያለ የምንለው መኝታ ቤት ሌሊት ላይ 30 ዴሲቤል አካባቢ ድምፅ አለው። ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም። 30 ላይ 20 ብትጨምርበት 30.4 ነው የሚሆነው። 4 ብትጨምርበት ያው 30 ነው። ያንን 4 ዴሲቤል ለመስማት ልጅቷ መጀመሪያ ፍሪጇን፣ ግቢውን፣ ሰፈሩን ዝም ማሰኘት አለባት።

ደግሞ ይህን ስማ። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ኖይማን ዩ87 የሚባል ማይክ አለ፤ በዓለም ላይ የትም ስቱዲዮ ብትገባ ስሙን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የታደሰው ዩ87 ኤአይ ዛሬም አዲሱ ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። ሴልፍ ኖይዙ ስንት ነው? 12። የኤቲ2035ስ? 12። በዚያ ቁጥር ብቻ የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ ሰው ለዩ87 ያን ሁሉ ገንዘብ ባላወጣ ነበር።

ፊዚክስ_ክፍል | ሐምሌ 8፣ ማታ 1:40

ጋሼ፣ ስሌቱ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። የቤት ድምፅ አብዛኛው ወፍራም ነው፦ ፍሪጅ፣ የሩቅ መኪና፣ ትራንስፎርመር። የማይክ ሽሽታ ቀጭን ነው። ጆሯችን ቀጭኑን ከወፍራሙ ለይቶ ያወጣዋል። ስለዚህ 20ው በቁጥር ከቤቱ ሥር ቢሆንም በገናው ሲያልቅ ብቅ ሊል ይችላል። እኔ ብሆን ለበገና ከ20 ወርጄ 12 አካባቢ ያለውን እይዝ ነበር። ከ12 ወደ 4 ለመውረድ ግን በዚህ ቤት ተጨማሪ ብር አላወጣም።

ለማያውቁት ስለ ኮንደንሰር በአጭሩ ልበል። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ውስጡ ሁለት ሳህን አለ፤ አንዱ የማይንቀሳቀስ፣ አንዱ ከፀጉር በብዙ የሳሳ፣ ወርቅ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ። ድምፅ ሲመታው ስሱ ይርገበገባል፣ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ያ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። በዳይናሚክ ውስጥ ግን ስሱ ጥቅል ሽቦ ተሸክሞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ኮንደንሰሩ ሸክም ስለሌለበት ፈጣን ነው፤ ጥፍር አውታር ሲነካ «ጭ» የምትለዋን ሳይቀር ይይዛል።

ሳህኖቹ ግን ቻርጅ ያስፈልጋቸዋል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ማጉያም ኃይል ትፈልጋለች። 48 ቮልቱ ለዚህ ነው። ለምን 48? እ.ኤ.አ. በ1966 ኖይማን ለኖርዌይ ሬዲዮ ማይክ ሲሠራ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ለመጠባበቂያ መብራት የሚጠቀምበት 48 ቮልት ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። ያንኑ ተጠቀሙ። ዛሬ ሳውንድ ካርድሽ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ታሪኳ የኖርዌይ የክረምት ጨለማ ነው። ይህቺን ታሪክ በጣም ነው የምወዳት።

ኤቲ2020 እና ኤቲ2035 ኤሌክትሬት የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ ቻርጁ ሲመረቱ ውስጣቸው ይቀመጣል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1962 ጀምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር ቤል ላብስ ውስጥ የሠሩት ነው። አንዳንድ ሰው «ኤሌክትሬት ነው» ሲል እንደ ስድብ ነው። ስድብ አይደለም፤ ጥሩም መጥፎም አለው። ቢኤም-800ም ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሬት ነው፤ ርካሹ።

ፖፕ_ፊልተር | ሐምሌ 8፣ ማታ 2:25

ሁላችሁም ሽሽታ ሽሽታ ትላላችሁ። ድምፅ ስትቀዳ የሚያስለቅሳት ሌላ ነው፦ ሰ፣ ሸ፣ ጸ።

በርካሽ ኮንደንሰሮች ውስጥ ያለው ካፕሱል፣ ማለትም ድምፅ የሚቀበለው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ኬ67 የሚባለው የኖይማን ካፕሱል ቅጂ ነው። ኬ67 በተፈጥሮው ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ኖይማኖች ይህንን ያውቃሉ፤ ዩ67 እና ዩ87 ውስጥ መልሶ የሚያወርድ ሰርኪዩት አብረው ሠርተዋል። ቀጂዎቹ አብዛኞቹ ካፕሱሉን ቀዱ፣ ሰርኪዩቱን ረሱ። ውጤቱ? መጀመሪያ ስትሰሚው «ውይ እንዴት ጥርት ያለ ነው!» ትያለሽ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጆሮሽን ይቆርጥሻል።

ደግሞ የእንግሊዝኛ የማይክ ሙከራ ቪዲዮ አይታችሁ አትወስኑ። የኛ ቋንቋ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ አለበት። እነዚህ ማይክ ላይ እንደ ጣት ማንቋቋት ጠብ ጠብ ይላሉ። እኔ ማንኛውንም ማይክ የምሞክረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጨጨብሳውን ጠቅልሎ ጎረሰ፣ ጠጅ ጠጣ፣ ከዚያ ጸጸተው።» ይህንን ሳይቆርጥ፣ ሳያፏጭ ካለፈ ጥሩ ማይክ ነው። ለ«ፐ» እና ለ«ፈ» ደግሞ የማይኩን ፊት ትንሽ ወደ ጎን አዙሪው፤ ትንፋሽሽ በጉንጩ ይለፍ። ትንፋሽ የሚያበርደው ፖፕ ፊልተር ከሌለሽ ስቶኪንግ የሽቦ ቀለበት ላይ ወጥሪ። ስሜን ያወጣሁት ከዚያ ነው።

ቢት_በሌሊት | ሐምሌ 8፣ ማታ 2:31

ጨጨብሳ በጠጅ ማን ነው የሚበላው?

ፖፕ_ፊልተር | ሐምሌ 8፣ ማታ 2:33

ለዛ ነው የጸጸተው።

ሜሪላንድ_ማዶ | ሐምሌ 9፣ ሌሊት 9:50

እዚህ ገና ማታ ነው፣ ለእናንተ ሌሊት ነው። ለአክስትሽ ልጅ ይህንን ንገሪው።

ያገለገለ ማይክ እዚህ በሽበሽ ነው፣ ዋጋውም ደህና ይቀንሳል። ግን በአካል ሄዶ፣ ሰክቶ፣ ሰምቶ ይግዛ። እኔ አንዴ ኢንተርኔት ላይ የታወቀ ስም ያለው ማይክ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብዬ ዘለልኩ። ሳጥኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ክብደቱም ያው። ድምፁ ግን እንደ ስልክ። ስፈታው ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ትልቁ ወንፊት ሥር አንዲት የምስር ፍሬ የምታክል ካፕሱል ተለጥፋለች። ክብደቱ? ብረት አጣብቀውበት ነው። ሻጩ ደግሞ ስሙን ቀይሮ ጠፍቷል።

ዳያፍራም ያ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ትልቅ ዳያፍራም የሚባለው ወደ 25 ሚሊሜትር ነው፤ ወንፊቱን በስልክ መብራት ብታዪው ክቡ ወርቃማ ነገር ይታይሻል። ከገዛ በኋላ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ያምጣው።

ማሲንቆ_ነኝ | ሐምሌ 9፣ ቀን 8:15

ስለ ማይኩ ብዙ ተባለ፤ ስለ መሣሪያው ማንም አላወራም። እኔ ማሲንቆ መቺ ነኝ፣ ክራርም በገናም ባሉበት ቀረጻ ብዙ ገብቻለሁ።

ክራርን ፊት ለፊት ገበቴው ላይ አትደቅኚበት። ድም ድም ብቻ ነው የምታገኚው። ማይኩን አንድ ስንዝር ተኩል አርቀሽ፣ ከጣትሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ወደ አውታሮቹ አዙሪው። ከዚያ እየተጫወትሽ ማይኩን ሰው ያንቀሳቅስልሽ፤ አንቺ በማዳመጫ ስሚ። አራት ጣት ማንቀሳቀስ ማይክ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። አላጋንንም።

በገና ሌላ ዓለም ነው። አሥሩ አውታር የሚያርፍበት ላይ ቁርጥራጭ ቆዳ አለ፤ እንዚራ ነው የሚባለው። ያ እዝዝዝ የሚለው፣ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ ከሱ ነው የሚመጣው። ማይኩን በጣም ካስጠጋሽው ንብ ቀፎ ውስጥ ጭንቅላትሽን የከተትሽ ይመስልሻል። በጣም ካራቅሽው ሲሚንቶው ይገባል። አጎትሽ እየደረደሩ ስለሚያዜሙ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ አትሞክሪም። አንድ ማይክ፣ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ፣ ከገበቴው ከፍ፣ ከአፋቸው ዝቅ። ድምፃቸው ካነሰ ወደ ላይ ትንሽ ቀና አድርጊው። በጌይን ሳይሆን በቦታ ነው የምታመጣጥኚው።

ትንሽ ዳያፍራም ማይክ፣ እንደ ሮድ ኤንቲ5 ወይም ኖይማን ኬኤም184፣ ለአውታር መሣሪያ እኔ እመርጣለሁ። ግን የአንቺም ድምፅ አለበት፣ ማይኩም አንድ ነው። ስለዚህ ትልቅ ዳያፍራም ይሁን።

ክራሯ_ልጅ | ሐምሌ 10፣ ማታ 2:00

ወንድሜ፣ የክራሩን ዛሬ በቢኤም-800 ሞከርኩት። ያው ማይክ ነው? ብዬ ተጠራጠርኩ። ግን ድምፄ ላይ አሁንም ባልዲ ውስጥ ያለሁ ይመስላል። ግድግዳው ላይ ምን ልለጥፍ?

ቢት_በሌሊት | ሐምሌ 10፣ ማታ 2:04

የእንቁላል ካርቶን! ርካሽ ነው፣ ሁሉም ቤት አለ።

ሪል_ቴፕ | ሐምሌ 10፣ ማታ 3:30

የእንቁላል ካርቶን እንቁላል ይይዛል። ሌላ ሥራ የለውም። ስስ ነው፤ ጥቂት ቀጭን ድምፅ ይነካ ይሆናል፣ ባልዲውን ግን አይነካውም።

የሚያስፈልግሽ ውፍረት ነው። ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ አለሽ? ጥግ ላይ እንደ መጽሐፍ ገለጥ አድርገሽ አቁሚያቸውና ጀርባሽን ለፍራሾቹ ሰጥተሽ ዝፈኚ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ፍራሹን ከማይኩ ጀርባ ያቆማል። ካርዲዮይድ ማይክ በጀርባው ደንቆሮ ነው። የሚሰማው ፊት ለፊቱን ነው፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ አንቺና ከኋላሽ ያለው ግድግዳ ናችሁ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከራስሽ በላይ ገመድ ወጥረሽ ብርድ ልብስ። የክፍሉ እኩሌታ ላይ አትቁሚ፤ እዚያ ወፍራሙ ድምፅ ይዛባል። ካጨበጨብሽና «ጭውው» የሚል ቅሪት ካልሰማሽ ደርሰሻል።

ይህ ዝናብ አይከለክልም። ለዝናብ መፍትሔው ሰማይ ማየት ነው።

ሜሪላንድ_ማዶ | ሐምሌ 11፣ ሌሊት 8:20

ጋሼ፣ እዚህ ሰው በሺህ ዶላር የሚያሠራውን በሁለት ፍራሽ ጨረሱት።

ክራሯ_ልጅ | ሐምሌ 12፣ ጠዋት 4:10

እሺ፣ መወሰን አለብኝ። የአክስቴ ልጅ «ዛሬ ካልነገርሽኝ ሽቶ ነው የማመጣልሽ» ብሏል።

ቢት_በሌሊት | ሐምሌ 12፣ ጠዋት 4:18

ኤንቲ1። ንዝረት የሚያስቀረው ማንጠልጠያ ሾክ ማውንቱም፣ ፖፕ ፊልተሩም፣ ገመዱም ሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ነገ የተሻለ ቤት ስትገቢ ማይኩ አብሮሽ ያድጋል። አልቀይርም።

ሪል_ቴፕ | ሐምሌ 12፣ ጠዋት 5:00

የቢት ልጅ ያለው ስህተት የለበትም። ጸጥ ያለ ቤት ቢኖርሽና በጀትሽ ሰፋ ቢል እኔም ኤንቲ1 እል ነበር። ግን 250ውን ማይኩ ብቻውን ይበላዋል። ስታንዱ በምን ይገዛል? የሚወዛወዝ ስታንድ ላይ ያለ ጥሩ ማይክ ለአጎትሽ አይሆንም፤ በገና ጉልበት ላይ ተደግፎ ነው የሚደረደረው፣ የማይኩ ክንድ ረዘም ብሎ ጎንበስ ማለት አለበት።

ኤቲ2035 በ150 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሾክ ማውንቱ አብሮት ነው። 12 ዴሲቤል። ጎኑ ላይ ሁለት ማብሪያ አለ፤ አንዷ 10 ዴሲቤል ትቀንሳለች፣ ከበሮ ለመቅዳት ትጠቅምሻለች። ሌላዋ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ትቆርጣለች። ስትዘፍኚ አብሪያት፤ የፍሪጁና የመኪናው እምምታ ይቀንሳል። በገና ላይ ግን አጥፊያት፤ ወፍራሞቹ አውታሮች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ሆዳቸውን እንዳትቆርጪው። በተረፈው ጠንካራ ስታንድና ጥሩ ገመድ።

ኤቲ2020ም አያሳፍርም። በገና ባይኖርበት እሱን ብዬ ዝም እል ነበር።

ክራሯ_ልጅ | ሐምሌ 12፣ ጠዋት 5:20

ኤቲ2035 ብዬ ላክሁለት። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቢት፣ አትቀየመኝ።

ቢት_በሌሊት | ሐምሌ 12፣ ጠዋት 5:21

ተቀይሜያለሁ።

ፊዚክስ_ክፍል | ሐምሌ 12፣ ማታ 1:10

ሲመጣ፦ 48 ቮልቱን አጥፍተሽ ሰኪው፣ ከዚያ አብሪው። ሃያ ሰከንድ ያህል ጠብቂ። ኮንደንሰር እርጥበትና አቧራ አይወድም፤ ክረምት ስለሆነ ሥራ ስትጨርሺ ስታንድ ላይ አትተዪው። ከጫማ ካርቶን የሚወጣችውን «አትብሉ» የሚል የተጻፈባትን ከረጢት ማይኩ ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። ደግሞ ማይኩ ባለበት ክፍል ቡና አፍልተሽ ዕጣን አታጭሺ። የዕጣን ጢስ ማይኩ ውስጥ ያለችው ስስ ፕላስቲክ ላይ ይጋገራል።

ክራሯ_ልጅ | ነሐሴ 9፣ ጠዋት 4:45

መጣ! ወደ አራት ሳምንት ሳልጽፍ የቆየሁት በሱ ምክንያት ነው።

ትናንት ሌሊት አጎቴን ቀዳኋቸው። ፍልሰታ ስለሆነ እሳቸውም ደስ አላቸው፤ እኔ ጋ ነው ያደሩት። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዝም አለ። ፍራሾቹን ጥግ ላይ አቆምኩ፣ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ማይኩን ሁለት ስንዝር ላይ፣ ከገበቴው ከፍ ከአፋቸው ዝቅ አደረግኩ። ጋሼ እንዳሉት የ80ዋን አጠፋኋት።

አርባ ደቂቃ ሳያቋርጡ ደረደሩ። 23ኛው ደቂቃ ላይ ውሻ አለ። የፖድካስቱ ወንድሜ፣ ሰላም ብሎሃል።

ሲጨርሱ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና አውራ ጣታቸውን አዩት። «ጥፍሬ ይሰማል» አሉ። በእርግጥም ይሰማል፤ አውታሩን ከመንካቱ በፊት የምትመጣ ትንሽ ጭረት። ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት የሚስቡት ትንፋሽም አለ። በቢኤም-800 ሽንኩርቱ ይጠበስበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን እንዚራው እየነዘረ፣ እየነዘረ፣ ቀስ ብሎ ይጠፋል። እስከ መጨረሻው ይሰማል።

አንድ ችግር ብቻ። ፍሪጁን መልሼ መሰካት ረሳሁ። ጠዋት ስነቃ በረዶው ሁሉ ቀልጦ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ኩሬው ፍራሾቹን አግኝቷቸዋል። አሁን ፀሐይ ላይ አስጥቼ እንደገና ሳይዘንብ እየጠበቅኩ ነው።

ማሲንቆ_ነኝ | ነሐሴ 9፣ ጠዋት 4:58

«ጥፍሬ ይሰማል።» ወይኔ። ከፈቀድሽ አንድ ደቂቃ ላኪልን።

ሪል_ቴፕ | ነሐሴ 9፣ ቀን 6:40

ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን። አጎትሽን ሰላም በይልኝ።

የፍሪጁን መንገር ረስቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቀረጻ ላይ ፍሪጅ የምንነቅል ሰዎች የቤት ቁልፋችንን ፍሪጁ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ቁልፉን ልታወጪ ስትከፍቺው መብራቱ አይበራም። ያኔ ትሰኪዋለሽ።

ክራሯ_ልጅ | ነሐሴ 9፣ ቀን 6:52

ጋሼ፣ ይህንን በሐምሌ ቢነግሩኝ ኖሮ ዛሬ በደረቅ ፍራሽ ነበር የምተኛው።